ሁለቱ እህትማማቾችና ሦስት አራተኛው ጊታር

ስለ ሙቀቱ ጠይቁኝ፣ ስለ ጂቡቲ ኑሮ ጠይቁኝ፣ እስኪመሽ ላወራችሁ እችላለሁ። ስለ ጊታር ልክ ያነሳችሁብኝ እንደሆነ ግን መጀመሪያ አፌ ይያዛል፤ ከዚያ ይችን ታሪክ ሳልናገር እንቅልፍ አይወስደኝም። ዛሬ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

ጥሩወርቅ እባላለሁ። ጂቡቲ የገባሁት እንደ ብዙዎቻችን በሰው ቤት ልሠራ ነው። የመጀመሪያዋ አሠሪዬ ፈረንሳዊት ነበረች፤ ማዳም ነበር የምላት። ቤቷ ውስጥ ልጆች ጊታር ታስተምራለች። እኔ ወለል እየወለወልኩ አዳምጣለሁ፣ ልጆቹ ሲወጡ ደግሞ አነሳና እነካካለሁ። አንድ ቀን እጅ ከፍንጅ ያዘችኝ። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። አገሯ ስትመለስ ካርቲዬ ዱ በሚባለው ሰፈር ሬዲዮና የሙዚቃ መሣሪያ ለሚሸጡት ለሐጂ ሳሌም አደራ ብላ ሰጠችኝ። ሐጂ ጊታርን ከማንዶሊን አይለዩም፤ ግን ደግ ሰው ነበሩ። ሱቁን ለእኔ ትተው፣ ከጀርባው ባለችው ክፍል እንድኖር ፈቀዱልኝ።

ማዳም ያስተማረችኝ ትልቁ ነገር ዘፈን አይደለም፤ ልክ ነው። ብዙ ሰው ጊታር ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ሙሉው አለ፤ ከእሱ የሚያንስ ሦስት አራተኛ የሚባለው አለ፤ ግማሽ አለ፤ የሕፃን ሩብም አለ። ትንሹ ደግሞ የልጅ ብቻ አይደለም። እጇ ትንሽ የሆነ ትልቅ ሴት አለች፤ ጣቱን ቁርጥማት ያሰረው ሽማግሌ አለ። አንድ ጡረታ የወጣ ወታደር በሙሉው ጊታር ስንት ዘመን ሲሰቃይ ኖሮ ሦስት አራተኛ ብሰጠው እንባው መጣ። ስለዚህ ሕግ ነበረኝ፤ ተጫዋቹን ሳላይ አልሸጥም። አስቀምጠውና ጊታሩን ጭኑ ላይ አደርጋለሁ። ቀኝ ትከሻው ወደ ጆሮው ከተነሳ የጊታሩ ሣጥን በዝቶበታል። ግራ ክንዱ ተገትሮ ብቻ የሚደርስ ከሆነ የጊታሩ አንገት ረዝሞበታል። አራቱ ጣቶች ሳይጨነቁ ክሩ ላይ ካረፉ ያ ጊታር የእሱ ነው። ልኩን ያገኘ ሰው ወዲያው ያስታውቃል። ወገቡ ይቃናል፣ ፊቱ ይረጋጋል፣ የሆነ ዕድሜ የጨመረ ይመስላል።

ያን ጊዜ የኤሌክትሪኩ ባቡር የለም። ከእኛ አገር የሚመጣ ልጅ ሁሉ በጭነት መኪና ነው የሚመጣው፤ ብዙው ደግሞ እዚህ የሚቆየው ባሕሩን እስኪሻገር ነው። እኔም ለምጄው ነበር መሰለኝ፣ መንገድ ላይ ሳያቸው ልቤ መደንገጡን ትቶ ነበር።

ሐምሌ ነው። ኸምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን ሲያነሳ ዓይን አያስገልጥም። እኩለ ቀን ሲሆን ጂቡቲ ትዘጋለች። ሱቁም ቢሮውም ተዘግቶ ሰው ምሳውን በልቶ ጫቱን ይጠብቃል፤ ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት መንገዱ ላይ ፍየል ብቻ ነው የሚቀረው። ሐጂ ቤታቸው ሄደዋል። የብረት መዝጊያውን ልጎትት ስል አንድ እጅ ከሥር ገብቶ ያዘው።

«እህቴ፣ ሐበሻ ናት ብለውኝ ነው የመጣሁት። አንዴ ብቻ» አለ።

ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ስሙን አልነገረኝም፤ «የአርቲስቶች ማናጀር ነኝ» ብቻ አለኝ። ከኋላው ሦስት ልጃገረዶች ተከትለውት ገቡ። አቧራ የጠጣ ፊታቸው ላይ አዲስ የከንፈር ቀለም ተቀብተዋል። አንዷ ረጅም፣ ደልደል ያለች ናት፤ ብርቄ ትባላለች። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። እህትማማቾች መሆናቸውን ለማወቅ መጠየቅም አላስፈለገኝ። ትልቋ ዘይነባ፣ ትንሿ ሰዓዳ፣ የወሎ ልጆች ናቸው።

«ሦስት ጊታር። ትልልቁን ስጪኝ፤ አርቲስቶች ናቸው፣ የልጅ ዕቃ አልፈልግም» አለ።

«እጃቸውን ሳላይ አልሰጥም። ይቀመጡ።»

«አንቺ ደግሞ! ጫማ ነው እንዴ የምትለኪው?» ብሎ ሳቀ።

«ከጫማ ይብሳል» አልኩት። ደረቅ ነኝ፤ የሚያውቁኝ ያውቁኛል።

ብርቄን አስቀመጥኳት። ሙሉው ጊታር ልክክ አለላት። «ስንት ዓመት ተጫወትሽ?» ብላት «ኧረ እኔ ጊታር ስነካ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው!» ብላ ሳቀች። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ አያት። ሳቋ ቆመ።

ዘይነባን አስቀመጥኩ። ሙሉው በዛባት፤ ትከሻዋ ተነሳ፣ ትንሿ ጣቷ ክሩ ላይ አልደረሰችም። «ይቺ ትንሽ ዝቅ ያለ ያስፈልጋታል» ስል «ይሁንላት፣ ለፎቶ ይበቃል» አለ። ከዚያ ሰዓዳ ተቀመጠች። ወገኖቼ፣ ልጅቷ ከጊታሩ ኋላ ጠፋች። ግንባሯና ዓይኖቿ ብቻ ቀሩ፤ እግሯም መሬት አልደረሰም። ሰውየው ስልኩን አነሳ፣ አየት አደረጋትና ፊቱ ከሰል መሰለ።

እኔ ምን ላድርግ፣ እጄ ልማዱን ያውቃል። ሱቁ ውስጥ አንድ የቀረችኝን ሦስት አራተኛ ከግድግዳው አወረድኩና ጭኗ ላይ አደረግኩላት፤ ዝቅ ያለውን ወንበርም ሰጠኋት። ትከሻዋ ወረደ። ወገቧ ተቃና። አራቱ ጣቶቿ ክሩ ላይ አረፉ። ሰውየው ሌሎቹን ከአጠገቧ አርቆ በስልኩ አነሳትና ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ይኸውልሽ! ሃያ ሁለት ዓመት ሆነች» አለ።

ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። እውነቱን ነው። አጠገቧ የሚያስተያያት ነገር ስለሌለ፣ ትንሿ ጊታር እንደ ትልቅ ጊታር፣ ትንሿ ልጅ እንደ ሙሉ ሴት ሆነው ተነስተዋል። ወደ ልጅቷ ጎንበስ አልኩ።

«ሰዓዳ፣ ዕድሜሽ ስንት ነው?» አልኳት።

«ሃያ ሁለት» ብሎ እሱ መለሰልኝ። «ፓስፖርቷ ላይ አለ። የሚወስዳቸው የውጭ አገር ሆቴል ሰው ደግሞ ልጅ አይወስድም፤ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ጣጣ አይፈልግም። አሥር ሰዓት ላይ እዚሁ መጥቶ በዓይኑ ያያቸዋል፤ ማታ ይበራሉ። እስከዚያ አንድ ሁለት ነገር አስነኪያቸው፤ የለመዱ ይምሰሉ።»

«ሐጂ ሳይፈቅዱ እኔ...»

«ሐጂ ይሸጣል፣ እኔ እገዛለሁ። አንቺ እዚህ ውስጥ ምንድን ነሽ?»

ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። መዝጊያው ላይ ሰክቼ የተውኩትን ቁልፍ ነቅሎ ወጣና መዝጊያውን ከውጭ ጎተተው፤ ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። በቀዳዳ ሳይ ከመንገዱ ማዶ መኪናው ውስጥ ገብቶ የጫት እሽጉን ፈታ። የጓሮው በር የሚያወጣውም እዚያው እሱ ፊት ነው።

የውጭ አገር ሆቴል ጊታር ነክተው የማያውቁ ሦስት ጊታር ተጫዋቾች ለምን እንደሚፈልግ እናንተም እኔም እናውቃለን። «አርቲስት» ተብላ ሄዳ የተመለሰች አንዲት ልጅ ዋራበሌ በሚባለው ሰፈር የወዳጄ ጎረቤት ነበረች። ከእሷ የሰማሁትን እዚህ አልጽፈውም። ሰው ሲነካት ትጮህ ነበር፤ ይሄ ይበቃል።

«እትዬ፣» አለች ዘይነባ ቀስ ብላ፣ «ሙዚቃ ሳንችል ሙዚቀኛ ብሎ የሚወስደን ምን ሊያሠራን ነው?»

ብርቄ ቀደመችኝ። «ምን ሊያሠራን ይችላል ብለሽ ነው? እኔ አውቄ ነው የምሄደው። አገሬ ገብቼ ማንን ላይ ነው? አትዩኝ እንደዚህ» አለችና ግድግዳውን ደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። እሷን ለመለወጥ የሞከርኩት ሁሉ እንደዚያው ቀረ።

ዘይነባ ግን ፊቷ አመድ ሆነ። እንደዚህ አልመሰላትም ነበር። «ሰዓዳ ገና አሥራ ሦስቷን አልጨረሰችም» አለችኝ። «ብቻዬን አልቀርም ብላ አልቅሳ ነው የተከተለችኝ።»

«ፖሊስ ብንጠራስ?» አልኩ፤ ለራሴም አላመንኩበትም። የመኖሪያ ወረቀት የላቸውም፤ ፓስፖርታቸውም ያለው እሱ እጅ ነው። ወደ ድንበር ይጭኗቸዋል፤ ድንበሩ ላይ ደግሞ የሚጠብቃቸው የዚሁ ሰውዬ ወንድሞች ናቸው። ብናመልጥስ? «የእናታችንን ቤት ያውቀዋል» አለች ዘይነባ። «ደጃፋችን ድረስ መጥቶ ነው የወሰደን። ብንጠፋበት እዚያ ሄዶ ይጠብቀናል። እሱ ራሱ ካልተወን መውጫ የለንም።»

እሱ ራሱ ካልተወን። ቃሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ዞረ። ሰዓዳን ትልቅ ያደረጋት ሦስት አራተኛው ጊታር ነው። እሱ ከጠፋ የሚቀረው ሙሉው ነው፤ በሙሉው ደግሞ ዕውርም ልጅ መሆኗን ያያል። ግማሹ እንደሆነ መጫወቻ ነው፣ የባሰ ሕፃን ያደርጋታል። ግን ሰውየው ጊታሩን ስላየው ልደብቀው አልችልም። ብሰብረው ደግሞ ሆን ብዬ እንደሰበርኩት ያውቃል።

ጂቡቲ ውስጥ ጊታር የሸጠ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ሙቀቱ ሙጫ ያቀልጣል። መኪና ውስጥ ረስተውት የመጡ ስንቶች አልቅሰውብኛል። ሣጥኑ ላይ ክሩን የሚይዘው እንጨት ተነቅሎ ይመጣል። ሦስት አራተኛውን አነሳሁና ክሮቹን ከልክ በላይ ወጠርኳቸው። ጓሮ ወጥቼ የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ጥቁር ላስቲክ አነጠፍኩና ፊቱን ለፀሐይ አድርጌ አስተኛሁት። ቆርቆሮው እጄን ላጠው። ማዳም ብታየኝ ኖሮ ምን ትለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ተመልሼ ሁለቱን አስቀመጥኳቸው። «ሁለታችሁም ሙሉውን ነው የምትይዙት። ሰዓዳ፣ አንቺ ምንም አታድርጊ፤ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ዘይነባ፣ ትከሻሽን ልቀቂው፣ ይነሳ። ጣትሽ አይድረስ። አሞኛል በይ፣ አልቅሺም ከፈለግሽ። ሁለታችሁም ልጅ ምሰሉ። የሆቴሉ ሰው ይተዋችኋል። ገባሽ?»

ዘይነባ እህቷን አየቻት። ከዚያ እኔን።

«ሁለታችንም ከቀረን ይተወናል ብለሽ ነው እትዬ?»

«አላህ ያውቃል። ሌላ ምን አለን?»

«እሺ» አለች። እሺ ስትል ዓይኗ መሬት ላይ ነበር።

ጠበቅን። በዚያ ሙቀት አራት ሰው በተዘጋ ሱቅ ውስጥ፤ ማራገቢያው መብራት ስለጠፋ ቆሟል። ሰዓዳ ተኛች። የሰውየው የመኪና በር በተከፈተ ቁጥር ሦስታችንም ወደ መዝጊያው እንዞራለን። አንዴ መጥቶ መዝጊያውን በእጁ መታውና «የጊታር ድምፅ አልሰማም!» አለ። አንዱን አንስቼ እኔው መታሁ። የምወደው ዜማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልተጫወትኩትም።

ከዚያ ከጓሮ «ጯ!» የሚል ድምፅ መጣ። ሰዓዳ ከእንቅልፏ ዘላ ተነሳች። ወዲያው ቁልፉ ዞረ።

«ምንድን ነው?»

«ነፋሱ ነው። የጎረቤት ቆርቆሮ» አልኩት።

ቆሞ አየኝ። ጉንጩ በጫት ተወጥሯል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ተመልሶ ወጣ። ጓሮ ስወጣ ጊታሯ ሆዷ ተከፍቶ፣ ክሮቿ ተጠቅልለው ተኝታለች። አቅፌ አስገባኋት፤ ግለቷ ደረቴን አቃጠለኝ።

አሥር ሰዓት ላይ የሆቴሉ ሰው መጣ። ነጭ የለበሰ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚሸት፣ ትሑት የሚመስል ሰው ነው። በዓረብኛ ሰላም አለኝ፤ ዓረብኛው ይገባኛል። ማናጀሩ ሦስት አራተኛውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ሙቀት ነው፤ ሐጂን ጠይቅ፣ ሁሌ ነው የሚሆነው» አልኩት። ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «አንቺን እመለስብሻለሁ» አለኝ። ግን እንግዳው ቆሟል፤ ሰዓቱንም እያየ ነው።

ብርቄ ተቀመጠች። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፤ ሆነች።

ሰዓዳ ሙሉውን ይዛ ረጅሙ ወንበር ላይ ወጣች። እግሯ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ሰውየው ገና ሲያያት ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠና ወደ ማናጀሩ ዞረ። «ይቺ ልጅ ናት። በዚች ታስይዘኛለህ እንዴ? አልፈልጋትም» አለ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ በሆዴ። አንዷ ወጣች። አሁን ሌላዋ ትቅር።

ዘይነባ ተቀመጠች። ጊታሩን ተቀበለችኝ። ትከሻዋ ሊነሳ ሲል አየሁት፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ትከሻዋን በግድ ዝቅ አደረገችው። ወገቧን አቃናች። ግራ ክንዷን ዘረጋች፣ ትንሿን ጣቷን ሳበቻት፤ ጅማቷ አንገቷ ላይ ሲገተር ይታየኛል። ጣቷ አልደረሰችም፤ ያን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ፈገግ አለች።

«ይከብድሻል፣ በዝቶብሻል!» አልኳት ጮክ ብዬ። ጊታሩን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

«አልበዛብኝም እትዬ። ልኬ ነው» አለች።

የሆቴሉ ሰው «ሆነች» አለ። ዘይነባ ተነሳች፤ ማናጀሩን ፊት ለፊት እያየች፣ እንግዳው እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እኔ እሄዳለሁ። ሰዓዳ ግን እዚህ ከእትዬ ጋር ትቀራለች፤ ወደ እናቴም ቤት አትሄድም። አይሆንም ካልክ አውሮፕላን ጣቢያው ላይ እጮሃለሁ» አለች። እንግዳው ምን እንዳለች ጠየቀኝ። አንድም ሳላጎድል በዓረብኛ ነገርኩት። ማናጀሩን በንቀት አየውና «ትንሿን ተዋት፤ ጩኸት አልፈልግም» አለው።

ሰዓዳ እግሯ ላይ ተጠመጠመች። «ጥለሽኝ አትሂጂ» እያለች ስትጮህ ዘይነባ አላለቀሰችም። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታቻቸው። በሩ ላይ ስሸኛት ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ሁለታችንም ብንቀር ይመለስብን ነበር። እኔን ይዞ ከሄደ ይረሳታል። አትንገሪያት እትዬ፤ ትናደድብኝ። ንዴት ያልፋል» አለች። መኪናው ከነጊታሮቹ አሸዋው ውስጥ ገባና ጠፋ።

ሰዓዳን ለሳምንታት ወዳጄ ቤት ዋራበሌ ሸሸግኳት። ማናጀሩ አልተመለሰም። ዘይነባ እንዳለችው ረሳት። ልጅቷ እኔ ዘንድ አደገች፣ እኔም እናት ሆንኩ ማለት ይቻላል። ግን የእህቷን ስም የሚጠራ ሰው ካለ ከክፍሉ ትወጣ ነበር። «ሙዚቀኛ ልትሆን ጥላኝ ሄደች» ትላለች። ብርቄ አንድ ጊዜ ደውላ ነበር፤ ከአውሮፕላን እንደወረዱ ለየብቻ እንደወሰዷቸው ነገረችኝ። ስለ ዘይነባ ግን እስከ ዛሬ ከማንም የሰማሁት ቃል የለም። የተመለሰ ሁሉ ሲመጣ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ አየኋት ይላል፣ ሰዓዳ ይዛው የመጣችውን ፎቶዋን ሳሳየው ግን እሷ አትሆንም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ሌላ ሰው ነኝ። ዛሬም ጊታር እሸጣለሁ፤ ሰውም አስቀምጬ እለካለሁ። ግን አባት ስለ ልጁ፣ ባል ስለ ሚስቱ ሲመልስልኝ እሱን አልሰማውም። «አንቺ ንገሪኝ፤ ይመቻል?» እላለሁ። ይመቸኛል ስትልም ቶሎ አላምናትም፤ ትከሻዋን አያለሁ። መንገድ ላይ የከንፈር ቀለም የተቀባች አቧራማ ልጅ ሳይም ዝም ብዬ አላልፍም፤ ቆሜ ስሟን እጠይቃታለሁ። እናንተም ጠይቁ። አንዳንዴ ስሟን የጠየቃት ሰው አለመኖሩ ነው የሚያስወስዳት።

ሰዓዳ ካገባች በኋላ ድሬዳዋ ነው የምትኖረው። አንድ ጊዜ ልጇን ታቅፋ ልትጠይቀኝ መጣች። የዘይነባን አደራ እስከዚያ ጠብቄ ነበር፤ ልጇን እያጠባች «እህቴ እኮ ወደኋላዋ እንኳ አላየችም» ስትል ግን አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳት።

«ልኬ ነው አለች?» አለችኝ።

«ልኬ ነው አለች።»

«ጣቷ ደርሶ ነበር?»

«አልደረሰም። ጅማቷ ሲገተር አይቻለሁ።»

ሕፃኑን ከጡቷ አላቀቀችና ደረቷ ላይ አስደገፈችው። «እኛ ቤት እኔ አጠፋለሁ፣ እናቴ እሷን ትጠይቃታለች» አለች። «ስንቴ ለምኛት ነበር፣ አታጋልጪኝ፣ ዋሺልኝ እያልኩ። እምቢ ትል ነበር። ዘይነባ ውሸት አትችልም ነበር እኮ እትዬ።»

ከዚያ ያን ሁሉ ዓመት ያልወጣላት ልቅሶ ወጣላት። ሕፃኑን ተቀበልኳትና እኔም አብሬያት አለቀስኩ።